ኢሜይሉ የመሥሪያ ቤቱ፣ ምስጢሩ የኛ

የካቲት 23 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ እኛ 125ኛውን የአድዋ ድል በዓል በምናከብርበት ዕለት፣ ማይክሮሶፍት ከወርኃዊ ፕሮግራሙ ውጭ አስቸኳይ ፓች አወጣ። ጉዳዩ ኤክስቼንጅ የሚባለው የኢሜይል ሰርቨር ነበር። ይህ ሶፍትዌር በዓለም ዙሪያ ብዙ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች በገዛ ማሽናቸው ላይ ጭነው የሚጠቀሙበት ነው። አራት ክፍተቶች ተገኝተውበታል፤ ሃከሮች ደግሞ ቀድመው ገብተዋል።

የሚያስፈራው ተጠቃሚው ምንም አለማጥፋቱ ነው። ለዓመታት "የማታውቁትን ሊንክ አትክፈቱ፣ ፓስወርዳችሁን አጠንክሩ" ስንባል ኖረናል። ጥሩ ምክር ነው፤ እዚህ ላይ ግን የሚያድን አልነበረም። አጥቂው ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘውን ሰርቨር ካገኘ፣ ያለ ፓስወርድ ሰርቨሩን ራሱን አታልሎ ይገባል፤ የሰዎችን ኢሜይል ያነባል፤ ሲወጣም ዌብ ሼል የምትባል ትንሽ ፋይል ትቶ ይሄዳል። ሲፈልግ የሚመለስባት የጓሮ በር ናት። የአውሮፓ የባንክ ባለሥልጣንም ሆነ የኖርዌይ ፓርላማ ሰርቨሮቻቸው እንደተደፈሩ በዚያው ወር ይፋ አድርገዋል።

ማይክሮሶፍት ከደሙ ንጹሕ አይደለም። የታይዋን ተመራማሪዎች ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አሳውቀውታል፤ ፓቹ የወጣው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው። ጥቃቱን መጀመሪያ የከፈተው በቻይና መንግሥት የሚደገፍ ቡድን ነው ብሏል፤ ቻይና አስተባብላለች። ፓቹ ከወጣ በኋላ ግን ኳሷ በየሰርቨሩ ባለቤት እጅ ነበረች።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እንላለን። እዚህ ግን ጅቡ ገና አልሄደም ነበር። ፓች ቀዳዳውን ይደፍናል እንጂ የገባውን አያስወጣም። ብዙዎች ፓቹን ጭነው እፎይ ሲሉ ዌብ ሼሉ እዚያው ተቀምጧል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ኤፍቢአይ የፍርድ ቤት ፈቃድ አውጥቶ በአሜሪካ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ የቀሩትን ዌብ ሼሎች ራሱ አጠፋ። ባለቤቶቹ አስቀድሞ አልተነገራቸውም። ፖሊስ ሳይነግረኝ ቤቴ ገብቶ ሌባ ቢያስወጣልኝ ላመስግነው ወይስ ልደንግጥ? እኔ ሁለቱንም ነው የማደርገው።

ይህ ለምን እኔን ያሳስበኛል? ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ነኝ፤ የራሴ ሰርቨር የለኝም። መረጃ የሚሰጠኝ ሰው ስሙን አምኖ ይነግረኛል። አርታኢው ደግሞ "ምንጭህ ማነው?" ይለኛል፤ መጠየቁም ሥራው ነው። ስሙን በኢሜይል ከላክሁ ያ ስም ከዚያ በኋላ የሚኖረው አይቼው በማላውቀው ማሽን ውስጥ ነው። ማሽኑ ቢደፈር መሥሪያ ቤቱ መግለጫ ያወጣል። ሰውዬው ሥራውን፣ ምናልባትም ነፃነቱን ያጣል።

አንድ የማውቀው የአይቲ ባለሙያ "እየሠራ ያለ ሰርቨር አይነካም" ይላል። ሰነፍ አይደለም። አፕዴት ሲያደርግ ኢሜይሉ ለሁለት ሰዓት ቢቆም አለቃው ይጮህበታል፤ ሳይደርስ ለቀረው ስርቆት ግን ማንም አያመሰግነውም። በዚህ ላይ ብቻውን ነው። እኔ ተጠያቂ የማደርገው፣ ለዚህ ሥራ ሰውና ሰዓት የማይመድበውን አለቃ ነው።

በኛ አገር ሰዎች ዘንድ "አፕዴት" የሚለው ቃል ራሱ መጠርጠሩም ያለ ምክንያት አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የካናዳው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ሪፖርት፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የአዶቢ ፍላሽ አፕዴት የሚመስል የስለላ ሶፍትዌር በኢሜይል ይላክላቸው እንደነበር አጋልጧል። በኢሜይል ሊንክ የመጣ አፕዴት ይጠርጠር፤ ከሠሪው ከራሱ የሚወጣው ግን ይለያል።

ጉዳዩ ያረጀ ታሪክ የሚመስለው ካለ፣ ማይክሮሶፍት ለኤክስቼንጅ 2016 እና 2019 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 2025 አቁሟል። አሁን ከአዲስ አርታኢ ጋር ስነጋገር ከክፍያው ቀጥዬ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ የኢሜይል ሰርቨሩ የራሳችሁ ነው? መጨረሻ ፓች የተደረገው መቼ ነው? አንዱ ስቆ "እሱን አይቲ ያውቃል" አለኝ። ለአይቲው ደውሎ እስኪነግረኝ ድረስ የምንጬን ስም በአካል ካልሆነ አልሰጠውም።