ማን? ምን? የት? ስንት? — ከቢቸና እስከ ሞጣ

በቢቸና አጠገብ ባለው የመማሪያ ጣቢያችን አንዲት እናት አሉ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዓመት በላይ ነው። ፊደል የጨረሱት ዘንድሮ ነው። ሁልጊዜ ከፊት ይቀመጣሉ። አንድ ማታ ትምህርት ሲያልቅ ሌሎቹ ወጡ፤ እርሳቸው ቀሩ። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ወረቀት ፈተው ሰጡን።

"ልጆቼ፣ እስቲ ይህን አንብቡልኝ። እኔስ ሞክሬ ነበር፤ ፊደሉ እምቢ አለኝ" አሉን።

ወረቀቱን ዘረጋነው። ፊደሉ የእኛ ፊደል አልነበረም። አረብኛ ነበር። እኛም ማንበብ አቃተን።

የእናታችን ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አረብ አገር ሄዳ ለመሥራት አስባለች። ወረቀቱን የሰጣት አንድ ደላላ ነው። "ይህ ውልሽ ነው፤ ገንዘቡን አዘጋጂ" ብሏታል። ገንዘቡ እንዲሞላ አንድ በሬ ሊሸጥ ነው።

"እናንተ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ናችሁ" አሉን እናታችን። "ልጄ እዚያ ስትደርስ ቢርባት ምን ብላ ትጠይቅ? ብትታመም ሐኪም ቤቱ የት ነው ለማለት ምን ትበል? ደመወዟ ቢቀርባትስ?"

ዝም አልን። ብዙ ነገር ተምረናል፤ ይህን ግን አልተማርንም። አለማወቅ ነውር አይደለም፤ አለመጠየቅ ነው ነውሩ ብለን የምናስተምረው እኛው ነን። ስለዚህ "አናውቅም፤ ጠይቀን እንመጣለን" አልናቸው።

የኔታ ዘንድ

መጀመሪያ የሄድነው ቢቸና ውስጥ አንድ የቅኔ መምህር ዘንድ ነው። የቢቸና አካባቢ በጤፉ ብቻ ሳይሆን በትምህርቱም የታወቀ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ከዚያው ነው። የኔታ አረብኛ አያውቁም። ነገሩን ሲሰሙ ግን ፈገግ አሉ።

"አረብኛን አላውቅም። የግእዝ ዘመድ መሆኑን ግን አውቃለሁ። እስቲ የግእዙን መጠየቂያ ያዙና ሂዱ። እዚያ ስትደርሱ ታመሳክሩታላችሁ" አሉን።

እኛም በደብተራችን ጻፍን። መኑ ማለት ማን ነው። ምንት ማለት ምን ነው። አይቴ ማለት የት ነው። ማእዜ ማለት መቼ ነው። እፎ ማለት እንዴት ነው። ስፍን ማለት ስንት ነው። ለምንት ማለት ለምን ነው።

"በነዚህ በሰባቱ ያልተጠየቀ ነገር የለም" አሉ የኔታ። "ሞጣ ብትሄዱ የቁርአን መምህር አታጡም። የቀረውን ከእርሳቸው ጠይቁ።"

በመንገድ ላይ

በማግሥቱ እናታችንን ይዘን መናኸሪያ ሄድን። ረዳቱ "ሞጣ! ሞጣ!" እያለ ይጮኻል። እናታችን ግን እርሱን አልሰሙም። የአውቶቡሱን ግንባር ቀና ብለው አዩ። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ "ሞ... ጣ" ብለው አነበቡ። ከዚያ በኋላ ነው የተሳፈሩት።

ይህ መንገድ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር ይገባል። ወደ ሞጣ ስንሄድ የጮቄ ተራራ በስተግራችን ነበር። ጮቄ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ብዙ ወንዞች ከእርሱ ይነሡና ዓባይ ይገባሉ። በስተቀኝ፣ ከሜዳው ማዶ፣ የዓባይ በረሃ አለ።

እናታችን በመስኮት እያዩ ብዙ አልተናገሩም። አንድ ጊዜ ብቻ "የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ልጄ ግን ያላየችውን አገር ናፈቀች" አሉ።

ሞጣ፣ ከሼሁ ዘንድ

ሞጣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ የሚነግድባት ከተማ ናት። ጠይቀን ጠይቀን የአንድ የቁርአን መምህር ቤት ደረስን። ሼሁ ሽማግሌ ናቸው። ቡና ተፈላ። ወረቀቱን አወጣን።

ሼሁ መነጽራቸውን አድርገው ከቀኝ ወደ ግራ አነበቡ። አረብኛ የሚነበበው እንደዚያ ነው። ፊደሎቹም 28 ናቸው። አንብበው ሲጨርሱ "የልጅሽ ስም ማን ነው?" ብለው እናታችንን ጠየቁ። እናታችን ነገሯቸው።

ሼሁ በጣታቸው አንድ ቃል አሳዩ። "ይህ ኢስም ይላል። ስም ማለት ነው። ከአጠገቡ የተጻፈው ግን የልጅሽ ስም አይደለም። የሌላ ሴት ስም ነው። ይህ ወረቀት ውል አይደለም። የሌላ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ ነው። ደመወዝ የሚል ቃልም የለበትም" አሉ።

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። እናታችን ወረቀቱን አጥፈው መልሰው ቋጠሩት።

"እንግዲያውስ መጠየቂያውን አስተምሩን" አሉ።

ትምህርቱ ተጀመረ። እኛ የየኔታን ግእዝ አነበብን። ሼሁም በአረብኛ መለሱ። መኑ ስንል መን አሉ። አይቴ ስንል አይነ አሉ። ለምንት ስንል ሊማዛ አሉ። መቼ ስንል መታ አሉ። ስንት ስንል ከም አሉ። እንዴት ስንል ከይፈ አሉ። እናታችን ሳቁ። "ይሄማ የኛው ሰው ነው፤ ልብሱን ቀይሮ ነው እንጂ" አሉ።

እውነትም አማርኛ፣ ግእዝና አረብኛ የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች ናቸው። ቤት በይት ነው። ዓይን ዓይን ነው። ራስ ራስ ነው። ደም ደም ነው። እኛ "ስሜ" ስንል እነርሱ "ኢስሚ" ይላሉ። እኛ በስንት ስንል በ እና ስንት እንደምናጋጥም፣ እነርሱም ቢ እና ከምን አጋጥመው "ቢከም?" ይላሉ።

አንድ ልዩነት ግን አለ። እኛ ስም ስንጠይቅ "ስምሽ ማን ነው?" እንላለን። አረብ ግን "ስምሽ ምንድን ነው?" ብሎ ነው የሚጠይቅ። ይህን ያላወቀ ሰው ስሙን ሲጠየቅ ስለ ዕቃ የተጠየቀ ሊመስለው ይችላል።

እናታችን ሌላም ጥያቄ ነበራቸው። "ፊደል ስንማር ሦስት ሀ አለ፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። አንድ ድምፅ ለሆነ ነገር ሦስት ፊደል ለምን? እነዚህ ልጆች መልስ አልሰጡኝም" ብለው ከሰሱን።

ሼሁ ሦስቱንም በአረብኛ ጠሯቸው። "ሃዛ" ሲሉ ሀው ቀላል ነው። "ሐበሻ" ሲሉ ሐው ከጉሮሮ ይወጣል። "ኀምሳ" ሲሉ ኀው ይሻክራል። ሦስቱም የተለያዩ ድምፆች ናቸው። በጥንቱ ግእዝም እንዲሁ ይለያዩ ነበር። አማርኛ ድምፁን አንድ አደረገው፤ ፊደሉ ግን ቀረ። እኛም ያን ዕለት ከተማሪያችን ጋር ተማርን።

ልንሰናበት ስንል ሼሁ አንድ ታሪክ አስታወሱን። ከ1,400 ዓመት በፊት የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ተሰደው ወደ ሐበሻ መጡ። ንጉሡም ጠየቃቸው። ጃዕፈር የተባለው ሰው ስለ ሁሉም ሆኖ መለሰ። ንጉሡ አዳምጦ አስጠጋቸው። "ያኔ እነርሱ እንግዳ ነበሩ፤ አሁን የኛ ልጆች ናቸው እንግዶቹ" አሉ ሼሁ። "የሚጠይቃቸውና የሚያዳምጣቸው ይስጣቸው።"

ከአረብ አገር የተመለሰችው እህት

ሼሁ የነገሩን የመጽሐፉን አረብኛ ነው። የቤቱና የገበያው አረብኛ ከዚህ ይለያል። ስለዚህ ወደ አንዲት ጎረቤታቸው ላኩን። ይህች እህት አረብ አገር አራት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። አሁን በገበያው በርበሬና ቅመም ትሸጣለች።

"እኔ ስሄድ የማውቀው አንድ ቃል ነበር። አይወ። አዎ ማለት ነው" አለችን። "ማዳም የምትለኝን ሁሉ አይወ እላለሁ። ማታ ማታ 'አከልቲ?' ትለኛለች። አይወ እላታለሁ። ለካ 'በላሽ?' ማለቷ ነው! ስንት ቀን ሳልበላ አደርኩ። 'ኤሽ?' ማለትን ባውቅ ኖሮ አልራብም ነበር።"

ኤሽ ማለት ምን ማለት ነው። በሳዑዲና በአካባቢው ኤሽ ይላሉ። ቤይሩት ውስጥ ደግሞ ሹ ይላሉ። የት ለማለት ዌን፣ ማን ለማለት ሚን፣ እንዴት ለማለት ኬፍ፣ ለምን ለማለት ሌሽ ይባላል።

ቀጥላ የነገረችን ነገር ከሁሉም በላይ አስገረመን። የቁጥር ነገር ነው። አንድ ቀን ዳቦ ልትገዛ ሄደች። ባለሱቁ "ኀምሳ" አላት። ሃምሳ መሰላትና ዳቦውን መልሳ ሄደች። ኀምሳ ግን በአረብኛ አምስት ነው።

ልብ በሉ። በአረብኛ ሰላሳ የሚመስለው ሦስት ነው። አርባ የሚመስለው አራት ነው። ሃምሳ የሚመስለው አምስት ነው። ሰባ የሚመስለው ሰባት ነው። ሰማንያ የሚመስለው ስምንት ነው። አሥር ዕጥፍ ለማለት ሲፈልጉ በመጨረሻው ላይ ኢን ይጨምራሉ። ኀምሳ አምስት፤ ኀምሲን ሃምሳ። ሰብዓ ሰባት፤ ሰብዒን ሰባ። ደመወዝ ሲነገር ይህን ያልለየ ሰው ይጎዳል።

ይህች እህት ስለ ከፊልም ነገረችን። ከፊል ማለት አሠሪው ነው። በብዙ የአረብ አገሮች የሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ከከፊሉ ጋር የታሰረ ሆኖ ኖሯል። ፓስፖርቱን የሚቀማ አሠሪም ብዙ ነው። "ስለዚህ ጀዋዝ የሚለውን ቃል ከዳቦ በፊት ተማሩ" አለች። ጀዋዝ ፓስፖርት ነው።

ወደ ቢቸና ስንመለስ

ሞጣ አጠገብ፣ በዓባይ ላይ፣ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ። የተሠራው በአፄ ፋሲል ዘመን በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰው በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። በመመለሻችን እናታችን ይህን አነሡ። "ገመዱን የሚይዘውን ሰው ሳያውቁ ወገብን ማሰር ነው የልጄ ነገር" አሉ።

ቢቸና ደርሰን ሕጉን ጠየቅን። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ነው። ሠራተኛው በአገሩ ሕጋዊ ውል ሊኖረው ይገባል። የመግቢያ ቪዛውንና የደርሶ መልስ ትኬቱን የሚከፍለው አሠሪው ነው እንጂ ሠራተኛው አይደለም። ሕግን ሳያውቁ የሄዱ ብዙዎች ተቸግረዋል። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል።

በሳምንቱ ደላላው መጣ። ልጅቱ ደብተሯን ይዛ ወጣች። በአረብኛ አልጠየቀችውም። በአማርኛ ነው የጠየቀችው።

"በወረቀቱ ላይ ያለው ስም የማን ነው? አሠሪዬ ማን ነው? የምሄደው የት ነው? ደመወዜ ስንት ነው? ትኬቱን የምከፍለው ለምንድን ነው?"

ደላላው "ነገ መጥቼ አስረዳሻለሁ" አለ። ነገም መጣ፤ ከነገ ወዲያም መጣ፤ እርሱ ግን አልመጣም። በሬው አልተሸጠም።

ልጅቱ አረብ አገር አልሄደችም። አልሄድም ብላም አልማለችም። ሕጋዊ ውል ካገኘች ትሄድ ይሆናል። እስከዚያው ማታ ማታ ከእናቷ ጋር ወደ ጣቢያችን ትመጣለች። እናትየዋ በአማርኛ ይጠይቃሉ፤ ልጅቱ በአረብኛ ትመልሳለች። እኛም ከኋላ ተቀምጠን እንማራለን።

ውድ አንባብያን፣ ከሩቅ አገር በፊት በገዛ ደጃችን መጠየቅ ያለብን ጥያቄ አለ። ማን? ምን? የት? ስንት? ለምን? እነዚህን በገዛ ቋንቋው ያልጠየቀ ሰው በሰው ቋንቋ ሊጠይቅ አይችልም።

እንለማመድ

አንዱ አማርኛውን ያንብብ፤ ሌላው አረብኛውን ይበል።

ስምሽ ማን ነው? — ኤሽ ኢስሚክ?
ስምህ ማን ነው? — ኤሽ ኢስመክ?
ይህ ምንድን ነው? — ኤሽ ሃዛ?
ዋጋው ስንት ነው? — ቢከም?
ደመወዜ መቼ ነው? — መታ ራቲቢ?
ፓስፖርቴ የት ነው? — ዌን ጀዋዚ?
ሐኪም ቤቱ የት ነው? — ዌን አል ሙስተሽፋ?
የኢትዮጵያ ኤምባሲ የት ነው? — ዌን ሲፋረት ኢትዩብያ? (አረብኛ የፐ እና የጰ ድምፅ የለውም፤ በ ይላል።)
አልገባኝም። — ማ ፈሂምት።
ቀስ በል። — ሽዌይ ሽዌይ።

ለውይይት፦ በወረቀቱ ላይ የማን ስም ነበር? ኀምሳ በአረብኛ ስንት ነው? እናንተስ ሳትጠይቁ የፈረማችሁት ወረቀት አለን?