ልጆቻችን የት ሄደው፣ ማንን ይስሙ?



ውድ አንባቢያን፣ የሰው ልጅ መልካም ድምፅ ይወዳል። ሕፃን በእናቱ እሹሩሩ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ግመል እንኳ ነጂው ሲያዜምለት ሸክሙን ረስቶ ይገሠግሣል። ይህን ዝንባሌ በውስጣችን ያኖረው አላህ (ሱ.ወ.) ነው። ስለዚህ ልጆቻችን መስማታቸው አይቀርም። እኛ ወላጆችና መምህራን ልንመካከርበት የሚገባው የት ሄደው፣ ማንን፣ ከማንስ ጋር ሆነው እንደሚሰሙ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ተከትሎኝ መጣና «ኡስታዝ፣ ኮንሰርት መሄድ ሐራም ነው?» አለኝ። ፈትዋ መስጠት የእኔ ደረጃ እንዳልሆነ ነገርኩትና ለምን እንደጠየቀኝ ጠየቅሁት። ጓደኞቹ ለአንድ ዘፋኝ ዝግጅት ትኬት ቆርጠው ኖሯል። አባቱ ደግሞ በቤታቸው ማንኛውም ዜማ፣ ነሺዳም ጭምር፣ እንዳይከፈት ከልክለዋል። ልጁም ሌሊት ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንቦ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። ዒሻን ከጀመዓ ጋር ሰገድኩ እያለ አባቱን ማታለል ከጀመረም ቆይቷል። ከዘፈኑ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነበር። በአባትና በልጅ መካከል አንዴ ውሸት ከገባ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ማን ይከለክለዋል?

ዑለማዎቻችን በዚህ ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ ተነጋግረዋል። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ በዒድ ቀን ሁለት ልጃገረዶች በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ቤት ሲያዜሙ አቡበክር (ረ.ዐ.) ገብተው ተቆጡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ለሕዝብ ሁሉ የየራሱ ዒድ እንዳለው፣ ያም ቀን የእኛ ዒድ መሆኑን ነግረው እንዲተዋቸው አደረጉ። ለገጣሚው ሐሳን ኢብኑ ሣቢትም (ረ.ዐ.) በመስጊዳቸው ውስጥ ሚንበር ያቆሙለት ነበር። በሌላ በኩል፣ የአራቱ መዝሀቦች አብዛኞቹ ሊቃውንት የክርና የትንፋሽ መሣሪያዎችን ሲከለክሉ ዱፍን በዒድና በሠርግ ፈቅደዋል። እንደ አንዳሉሱ ኢብኑ ሐዝም ያሉት ደግሞ የመሣሪያ ክልከላውን ማስረጃ አልተቀበሉትም። በእኛ ዘመን ሸይኽ ዩሱፍ አል-ቀርዷዊ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት የሐላልና የሐራም መጽሐፋቸው በቅድመ ሁኔታ ፈቅደዋል። ሁሉም የሚስማሙበት ነጥብ ግን አለ፤ ቃሉ ብልግና ከሆነ፣ መጠጥ ከታከለበት፣ ሰላትንም ካስረሳ ማንም አይፈቅደውም።

እኔ ያደግሁት ወሎ ውስጥ፣ ጠዋት ቁርኣን ቤት፣ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተማርኩ ነው። ሐሙስ ማታ በአያቴ ቤት ሐድራ ይደረግ ነበር። ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል፤ ከዚያ መሪው መንዙማውን ያወጣል፣ ቤቱ ሙሉ ይቀበለዋል። ድቤው ሲመታ እኛ ልጆች በበሩ በኩል ተደርድረን እናጨበጭባለን። ድምፃቸው ያማረ ጥቂቶች ነበሩ። ጎረቤታችን የነበሩት አንድ ሽማግሌ ድምፃቸው የተሰነጠቀ ቢሆንም ከመቀበል አልቦዘኑም፤ ማንም ዝም በሉ አላላቸውም። በሐድራ ዙሪያ ስላሉት ልማዶች፣ በተለይም ስለ ጫቱ፣ ዑለማዎች የሚሰነዝሩት ነቀፌታ እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱን ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ። እኔ የምመሰክረው የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲራ መጀመሪያ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚያ ቤት እንደሰማሁ ነው።

የመንዙማ ዓላማም ይኸው ነበር። የወሎ ዑለማዎች ዐረብኛ ለማያውቀው ገበሬና እረኛ ዐቂዳን፣ ሲራንና ሥነ ምግባርን ያስተማሩት በዜማ ነው። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሙስሊሙ በግድ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በታዘዘበት ዘመን ትግል ካካሄዱት አንዱ ሸይኽ ጦልሐ ጀዕፈር፣ በዐጀም ማለትም በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ በገጠሟቸው ሃይማኖታዊ ግጥሞች ይታወቃሉ። መጽሐፍ ሊቃጠል ይችላል፤ ሕዝብ ተቀብሎ የያዘውን ዜማ ግን ከአፉ መንጠቅ አይቻልም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ካሴቱ መጣ። የመሐመድ አወል ሐምዛ መንዙማ በየቤቱና በየሱቁ ይሰማ የነበረበትን ጊዜ የእኔ ዕድሜ እኩዮች አይረሱትም። ከዚያ ሲዲው፣ ኋላም ስልኩ ተከተለ፤ ከውጭም አዳዲስ ድምፆች ደረሱን። ሳሚ ዩሱፍ እ.ኤ.አ. በ2003 «አል-ሙዐሊም» የተሰኘ የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። በ2005 ያወጣውን ደግሞ አንዱን ከሙሉ ሙዚቃ ጋር፣ ሌላውን በምት መሣሪያ ብቻ አድርጎ በሁለት ዓይነት አቀረበው፤ የሊቃውንቱን ልዩነት ራሳቸው አዘጋጆቹም እንዳሰቡበት ከዚህ እንረዳለን። በስዊድን ያደገው ሊባኖሳዊው ማሂር ዘይን በ2009 ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1977 የሰለመው ዩሱፍ ኢስላም ጊታሩን ለረጅም ዓመታት ከተወ በኋላ በ2006 ይዞት ተመልሷል። ወጣቶቻችን እነዚህን ሁሉ ያውቃሉ። ስልኩ አንዱን ሲጨርስ ሌላውን ራሱ ያመጣላቸዋል። ችግሩ ድምፁን የሚያመጣላቸው ብቻውን መሆኑ ነው። የማን ደረሳ እንደሆነ፣ ከሕዝቡ ጋር እንዴት እንደሚኖር፣ ሰላት ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ስልኩ አይነግራቸውም።

ለዚህ ነው በአካል ተገኝቶ መስማት የተለየ ነገር የሚሆነው። ታላቁ ኢማም አል-ገዛሊ (505 ዓ.ሂ. የሞቱት) በ«ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» መጽሐፋቸው ስለ ሰማዕ በጻፉት ክፍል፣ ከጁነይድ አል-ባግዳዲ የተላለፈ አንድ ምክር ያነሣሉ። ማዳመጥ ሦስት ነገሮችን ይሻል፤ እነሱም ጊዜ፣ ቦታና አብሮን ያለው ሰው ናቸው። ሦስቱ ካልተሟሉ አለመስማት ይሻላል። ኢማሙ ሲያብራሩ፣ ምግብ በቀረበበት፣ ጠብ በተነሣበት ወይም ሰላት በደረሰበት ጊዜ መስማት ጥቅም እንደሌለው ይገልጻሉ። ቦታውም ሰው የሚተላለፍበት መንገድ ወይም ልብን የሚበትን ሥፍራ መሆን የለበትም። ስለ ሰዎቹ ያሉት ደግሞ ለእኛ ዘመን የተጻፈ ይመስላል፤ ፊቱን እያየን የምንጠነቀቅለት ኩራተኛ፣ ስሜት የነካው መስሎ ለመታየት የሚወዛወዝም አስመሳይ አብረውን ካሉ ልባችን ይረበሻል ይላሉ። እስኪ ዛሬ በየአዳራሹ ስልኩን ወደ ራሱ ፊት አዙሮ ዕንባውን የሚቀርጸውን አስቡት!

እንግዲህ የተማሪዬን አባት ለማነጋገር ወደ ቤታቸው ሄድኩ። የወረባቦ ሰው ናቸው፤ ሐጅ አድርገዋል። «ሐጂ፣ ልጁ ተደብቆ ከሚሄድ አብረነው ብንሄድስ? የነሺዳ ምሽት አለ» ብላቸው ፊታቸው ተለዋወጠና «አንቱም ኡስታዝ?» አሉኝ። ጊዜውን፣ ቦታውንና አብሮ የሚኖረውን ሰው አስቀድመን እንመርምር፣ ካልተመቸን ተነሥተን እንወጣለን ብዬ ለመንኳቸው። ብዙ ካሰቡ በኋላ «ሰላት ካለፈብኝ አንቱ ትጠየቁበታላችሁ» ብለው ተስማሙ።

ዝግጅቱ አዲስ አበባ ውስጥ በተከራየ አዳራሽ ነበር፤ ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል ተቀምጠዋል። የተጠራው ስመ ጥር ሙንሺድ ከዐሥር ሰላት በኋላ ወደ መድረክ ወጣ። ድምፁ ውብ ነው። ነገር ግን ተቀባዮቹ አስቀድሞ የተቀረጹ ነበሩ፤ እሱ ያወጣል፣ ድምፅ ማጉያው ይቀበላል። እኛ ወንበራችን ላይ ተቀምጠን እናያለን፤ ስልኮች እንደ ጧፍ ተደርድረው ከፍ ብለዋል። መግሪብ ሲደርስ ዝግጅቱ ቆመ፤ በግቢው ሶፍ ሠርተን ሰገድን። ብዙው ሰው በሻይና በወሬ ሲዘገይ እኛ ቀድመን ተመለስን። አዘጋጆቹ ክፍት ጊዜውን ለመሸፈን አንድ ስሙ ያልተሰማ ወጣት አወጡ። የተቀረጸ ተቀባይም ሆነ ሌላ አጃቢ አልነበረውም፤ በእጁ የያዘው አንድ ዱፍ ብቻ ነው። አዝማቹን ሁለት ጊዜ አሰማንና «እናንተ ተቀበሉኝ» አለ። በወሎ ዜማ ነበር ያወጣው። ግማሽ ባዶ ከሆነው አዳራሽ መጀመሪያ ጥቂት ድምፅ ተነሣ፤ ከዚያ ጨመረ። ዞር ብዬ ሳይ ሐጂ እየተቀበሉ ነው። ልጃቸው አባቱን እንደ አዲስ ሰው ያያቸው ነበር።

ስንወጣ ስለ ሁለቱ ሙንሺዶች ጠየቅኋቸው። «ያኛው እኛን አልፈለገንም፤ ተቀባዩን ይዞ መጥቷል። ይኼኛው ያለ እኛ አይችልም» አሉኝ። ከዚያ ወጣቱን በር ላይ አገኙትና ስለ ድምፁ ምንም ሳይሉ «የማን ልጅ ነህ? ከማን ቀራህ?» ብለው ጠየቁት። እሱም አባቱንና ኪታብ የቀራባቸውን ሸይኽ ነገራቸው። ሐጂ «በል አላህ ያበርታህ» ብለው መረቁት። አዲስ ሙንሺድ እንዴት እንደሚመረመር በዚያች ቅጽበት አየሁ።

ተማሪዬ ከዚያ ወዲህ ሌላውን ሁሉ እርግፍ አድርጎ ተወ ብዬ አልዋሻችሁም። ግን የሚሰማውን ለአባቱ ያሰማል። እሳቸውም አንዳንዱን «ዝጋው»፣ አንዳንዱን «እስኪ ድገመው» ይሉታል። ዒሻንም አብረው ይሰግዳሉ።

አንድ ጊዜ በሐረር የሹዋሊድን በዓል ለማየት ታድዬ ነበር። ሐረሪዎች የሸዋልን ስድስት ቀናት ጾም ሲጨርሱ የሚያከብሩት ይህ በዓል እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ከረቡ የተባለው ከበሮ ይመታል፣ ከበል የተባለው እንጨት ይጋጫል፣ ዚክሩን ሽማግሌውም ወጣቱም ይቀበላል። ከእንግዶች በስተቀር ቆሞ የሚያይ ሰው አላገኘሁም። ወሎም ሐረርም ከአባቶቻችን የወረስነው ሁላችንም የምንቀበልበትን ዜማ ነው። ወንበርና መድረክ በራሳቸው ጥፋት የለባቸውም፤ ሕዝቡን ከተቀባይነት ወደ ተመልካችነት ሲያወርዱት ግን ብዙ ነገር እናጣለን። የተመለከትነውን ቶሎ እንረሳለን፤ የተቀበልነው አብሮን ቤት ይገባል።

ስለዚህ ወጣት ወንድሞቼና እህቶቼ ሆይ፣ አዲስ ሙንሺድ ስታገኙ ሦስት ነገር ጠይቁ። ከማን ተማረ? ግጥሙ የሚያስወድደን ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ነው ወይስ ዘማሪውን? ሰምቼ ስነሣ ለሰላት እፈጥናለሁ ወይስ እሰንፋለሁ? የመጀመሪያውን ሰዎች ይነግሯችኋል፤ ሁለተኛውን ጆሯችሁ፣ ሦስተኛውን እግራችሁ ይመልሰዋል። ዝግጅት የምታሰናዱ ወንድሞችም የሰላት ሰዓትን በመርሐ ግብራችሁ ላይ በቅድሚያ አስፍሩ፤ ስም ላላወጡ ልጆች ጊዜ ስጧቸው፤ ተቀባይነቱንም ለሕዝቡ መልሱለት።

እናንተ ወላጆች ደግሞ «አትስማ» ለማለት የቸኮላችሁትን ያህል «ና አብረን እንስማ» ማለትንም ልመዱ። ሐራም የሆነውን ሐራም ነው በሉ፤ በዚህ አትሸማቀቁ። ነገር ግን ልጁ ከተከለከለው በር ሲመለስ የሚገባበት ሌላ በር ክፈቱለት። ጁነይድ ከጠቀሷቸው ሦስቱ መካከል ጊዜውንና ቦታውን ሌላ ሰው ሊያዘጋጅ ይችላል። ከልጃችሁ ጎን የሚቀመጠውን ሰው ግን ከእናንተ የተሻለ ማን ሊሆን ይችላል?

አላህ (ሱ.ወ.) ጆሯችንን መልካሙን ሰምተው መልካሙን ከሚከተሉት ጆሮዎች ያድርግልን። ልጆቻችንንም የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። ኣሚን!