ማን ልበል?

ቅዳሜ ማታ ነው። ከአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ቁጭ ብያለሁ፤ ስሙን አልጠራም። ፊቴ አንድ ሊኑክስ ሰርቨር፣ ከሥሩ ደግሞ የ6 ዓመት ራጅና ሲቲ ስካን የተጠራቀመበት ስቶሬጅ አለ። የሰርቨሩ የራሱ ዲስክ ስለተቃጠለ ቀይሬ ሲስተሙን እንደ አዲስ የጫንኩት እኔ ነኝ። ሰኞ ጠዋት የራጅ ክፍሉ ሥራ ይጀምራል። ሰርቨሩን «ምን ምን ዲስክ ይታይሃል?» ስለው ግን የሚያሳየኝ አንዱን ብቻ፣ ያንኑ አሁን የገጠምኩለትን።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ አይስካዚ የሚባለው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2004 በደንብ ተጽፎ የወጣ የመግባቢያ ደንብ ነው። ሌላ ሳጥን ውስጥ ያለን ዲስክ በኔትወርክ ገመድ ያመጣና የሰርቨሩ ሆድ ውስጥ የተገጠመ ያስመስለዋል። ሰርቨሩ መጀመሪያ ስቶሬጁ በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ዲስከቨሪ ማለት ይሄው ነው። በሩ ፖርት 3260 ነው። ከውስጥ «ማን ልበል?» ሲባል ሰርቨሩ ስሙን ይናገራል። ስሙ ረጅም ነው፤ ዓመትና ወር አለበት፣ የተገለበጠ የድርጅት አድራሻ አለበት፣ መጨረሻው ላይ ዝብርቅርቅ ያለ ፊደልና ቁጥር።

ፒንግ አደረግኩ፣ ይመልሳል። ፖርቱ ክፍት ነው። ዲስከቨሪው ሁለት አድራሻ ሰጠኝ። ሎግኢን አልኩ፤ «ተሳክቷል» አለኝ። ዲስክ ግን የለም። እንደገና ፈልግ አልኩት፣ የለም። ሪስታርት፣ የለም። «ተሳክቷል» ብሎ ባዶ እጅ ከሚሰድ ማሽን ስህተቱን በቀይ የሚጽፍልኝን እመርጣለሁ።

የሌሊት ዘበኛው በሩን ገፋ አድርገው፣ «ልጄ፣ እስካሁን አልሄድሽም?» አሉኝ።

«አንድ ዲስክ ጠፍቶብኝ ነው ጋሼ።»

ደነገጡ። «ሌባ ገባ እንዴ?»

«ኧረ የለም፣ እዚሁ ነው ያለው። አልታይ ብሎኝ ነው እንጂ።»

ሳጥኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ምንም ሳይሉ ወጡ።

ነገሩ የገባኝ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ነው። ሲስተሙን ስጭን ሰርቨሩ ለራሱ አዲስ ስም አውጥቷል። ስቶሬጁ ግቢ አስገባው፤ ዲስኩን ግን የሚሰጠው ለሚያውቀው ስም ብቻ ነው። የስቶሬጁን መቆጣጠሪያ ገጽ ከፈትኩ (ፓስወርዱ ሳጥኑ ጀርባ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል፤ አትፍረዱብን) እና የድሮውን ስም አገኘሁት። ፊደል በፊደል ገልብጬ የሰርቨሩ ስም የሚቀመጥበት ፋይል ውስጥ ጻፍኩ። ሰርቪሱን አስነሳሁ፣ ሎግኢን አልኩ።

ሁለት ዲስክ መጣ። ኤስዲቢና ኤስዲሲ። መጠናቸው እኩል።

በዚያ ሳምንት አለቃዬ «ቦታው እየሞላ ስለሆነ ሌላ ዲስክ እጨምርላችኋለሁ» ብሎ ነበር። ኤስዲቢን ከፈትኩት፤ ፎቶዎቹ አሉ! ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እንግዲህ ኤስዲሲ አዲሱ መሆኑ ነው። እግረ መንገዴን ፎርማት ላድርገውና ልሂድ አልኩ።

ትእዛዙን ጽፌ ኢንተር ነካሁ። ማሽኑ ጠየቀኝ፦ እዚህ ዲስክ ላይ ፋይል ሲስተም አለ፣ ልቀጥል?

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ጣቴ ሳላነብ ነው «አዎ» የሚለው። ያን ለሊት ለምን እንዳነበብኩ አላውቅም፣ ምናልባት ደክሞኝ ስለፈዘዝኩ ይሆናል። ዲስኩ መጨረሻ የተከፈተበትን ቀንና ሰዓት ጽፎታል። ዛሬ። ከ10 ደቂቃ በፊት።

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። ከ10 ደቂቃ በፊት የከፈትኩት እኮ ኤስዲቢን ነው።

የሁለቱን መለያ ቁጥር ጠየቅኩ። አንድ ነው፣ እስከ መጨረሻዋ ፊደል። ዲስከቨሪው ሁለት አድራሻ ሲሰጠኝ ነግሮኝ ነበር፤ ከስቶሬጁ ወደ ሰርቨሩ ሁለት ገመድ አለ፣ አንዱ ቢበጠስ በሌላው እንዲሄድ። መንገዱ ሁለት፣ ዲስኩ አንድ። ሁለቱን አጣምሮ እንደ አንድ የሚያሳየውን መልቲፓዝ የሚባለውን ፕሮግራም መጫን ረስቻለሁ። አለቃዬም አዲስ ዲስክ ገና አልጨመረም ነበር። ባክአፕ? የመጨረሻው 3 ወር አልፎታል።

«አይ» ብዬ ወጣሁና መልቲፓዙን ጫንኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር የገዛ ፓስወርዴን ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ።

ሰኞ ጠዋት የራጅ ክፍሏ ሲስተር ከዓመታት በፊት የተነሳ የአንድ ሰው የደረት ፎቶ ከፍታ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አደረገችው። ታካሚው አጠገቧ ቆሟል፣ ጃኬቱን ክንዱ ላይ አጣጥፎ።

«ትንሽ ይዘገያል እንዴ?» አለችኝ።

«እንደ ድሮው ነው ሲስተር» አልኳት።