ተቀምጦ መቁጠር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ያሠሩት በዚያ ነው። ሠሪዎቹ የእጅ ሙያ ያላቸው አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ነበሩ፤ ለስብከት መጥተው በንጉሡ ትእዛዝ መድፍ ሠሪዎች ሆኑ። ጋፋት ለብዙዎች ሙያን አስተማረች፤ እነርሱን ግን ከመጡበት ዓላማ አራቀች።

ይህን ያነሣሁት ባለፈው ክረምት የገጠመኝን ለመንገር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ አዲስ አበባ ውስጥ ስታርትአፕ በሚባል አንድ ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅት ተቀጠርሁ። ስድስት ሆነን የስልክ መተግበሪያ እንሠራ ነበር። ጥቅሙን አልክድም። ጠዋት የታሰበው ማታ ደንበኛው እጅ ይገባል፤ ስሕተቴንም በዕለቱ አየው ነበር። በክፍል ውስጥ በዓመት ያልገባኝ በሁለት ወር ገባኝ።

ጉዳቱም የሚወጣው ከዚያው ፍጥነት ነው። አንድ ወር የደከምንበት ሥራ በአንድ ስብሰባ ተጣለ። የደመወዝ ቀን ይገፋል፤ ስልኬ ሌሊትም አያርፍም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት፣ የትርፍ ሰዓቱን ደግሞ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ እኛ ግን ቆጥረን አናውቅም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ነሐሴ 13 ቀን፣ ለቡሄ፣ አገሬ ገብቼ ልቀድስ ቃል ሰጥቼ ነበር። ቅዳሴ በሁለት ካህናትና በሦስት ዲያቆናት እንደሚፈጸም ታውቃላችሁ፤ ሦስተኛው እኔ ነበርሁ። «የዛሬን ብቻ» ሲሉኝ ቀረሁ፤ የደወልሁትም በዋዜማው ማታ ነው። የኔታ በሌሊት ወደ ጎረቤት ደብር ሰው ላኩ፤ ቅዳሴው ዘገየ፤ ሽማግሌዎች በጾም አፋቸው ቆመው ጠበቁ። ስመለስ የኔታ አልተቆጡኝም፤ «ልጄ፣ የከበደህ መምጣቱ ነው ወይስ እንቢ ማለቱ?» ብቻ አሉኝ። የጋፋትን ሰዎች ያዘዛቸው ንጉሥ ነው፤ እኔን ግን ማንም አላስገደደኝም። ተፈላጊ መሆኔ ደስ አሰኝቶኝ ነው የቀረሁት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ብታገኙ አትሽሹት። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ አስተምሮናል (ሉቃ. 14፥28)። እናንተም ከመፈረማችሁ በፊት የሥራ ሰዓታችሁን፣ የደመወዝ ቀናችሁንና ለማንም የማትለቁትን ዕለት በጽሑፍ አስፍሩ። እኔ በሚመጣው ክረምት እመለሳለሁ፤ ነሐሴ 13 ግን በውሌ ላይ ተጽፏል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።