ዓይን ሲደክም ማን ይቁጠር?

እስቲ ዛሬ ስለ ቆጠራ እንጫወት። ወባ ተጠርጥሮ ደም ከተሰጠ በኋላ ከላቦራቶሪው መስኮት ወዲያ ምን እንደሚሠራ አስባችሁት ታውቃላችሁ? ባለሙያው ጠብታዋን መስታወት ላይ ያደርጋል፤ ስትደርቅ ጊምሳ በሚባል ቀለም ያቀልማታል፤ ዘይት ጠብ ያደርግና በባለ 100ው ሌንስ እያየ ይቆጥራል። ተሕዋሲው ለብቻ፣ ነጭ የደም ሕዋሱ ለብቻ። ነጮቹ 200 ሲሞሉ 100 ተሕዋሲ አግኝቶ ከሆነ፣ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ 4,000 አሉ ማለት ነው፤ ስሌቱ የሚነሳው በዚያው መጠን ደም 8,000 ነጭ ሕዋስ አለ ከሚል ነው።

ይህ የአንድ በሽተኛ ነው። ወረፋው ረዝሞ ሲውል ዓይን ይደክማል፤ ያንኑ መስታወት ሁለት ሰው ቢያየው ቁጥሩ ላይገጥም ይችላል። ሶፍትዌር የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። ዌይን ራስባንድ አሜሪካ ውስጥ በብሔራዊ የጤና ተቋማት ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 «ኢሜጅ ጄ»ን አውጥቶ በነጻ ለቀቀው። ማንም ተማሪ ላፕቶፑ ላይ ሊጭነው ይችላል። ለዚህ ፕሮግራም ፎቶ ማለት ቁጥር ነው፤ ከ0 ጥቁር እስከ 255 ነጭ። ሕዋሶቹ በሚያበራ ቀለም ከተቀለሙ፣ «ከዚህ ቁጥር በላይ ሕዋስ፣ በታች ባዶ» ብላችሁ ወሰኑን ትሰጡታላችሁ። የተጣበቁትንም ይለያል፤ እያንዳንዱን ሕዋስ እንደ ሸለቆ ወስዶ ውሃ ይሞላውና፣ ውሃና ውሃ ሊገናኝ ሲል ድንበር ያሰምራል።

ወሰኑን የሚመርጠው ግን ሰው ነው፤ አደራውም እዚያ ላይ ነው። መድኃኒት የተሰጠውን ናሙና በአንድ ወሰን፣ ያልተሰጠውን በሌላ ብትቆጥሩ የተመኛችሁትን ታገኛላችሁ፤ እውነቱን ግን አታገኙም። ወሰኑ አንዴ ይመረጥ፣ ለሁሉም ይዋል፣ በዘገባውም ይጻፍ።

ወባ ደግሞ በብርሃን ልክ ብቻ አትያዝም። ቀይ ሕዋስ ውስጥ ያለችው ቀለበት መሳይ ተሕዋሲና የቀለም ዝቃጭ ይመሳሰላሉ። ለዚህ በምሳሌ የሚማሩ ፕሮግራሞች መጡ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ያሰራጨው አንድ ስብስብ 27,558 የሕዋስ ምስሎች አሉት። ደሙ የተቀዳው ባንግላዴሽ፣ ቺታጎንግ፣ ከ150 የወባ በሽተኞችና ከ50 ጤነኞች ነው። ፎቶው የተነሳው በማይክሮስኮፕ ዓይን በኩል በስማርት ስልክ ነው። ይህ ታሟል፣ ይህ ደኅና ነው ብሎ ምልክት ያደረገው ባንኮክ ያለ የሠለጠነ መርማሪ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው ያ ሰው ያየውን ያህል ነው።

በዚያ ስብስብ ውስጥ ያለው ወባ ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት ነው። እኛ አገር ግን ቫይቫክስም አለ፤ እሱ የገባበት ቀይ ሕዋስ ያብጣል፣ ነጠብጣብም ያወጣል። ይህን አይቶ የማያውቅ ፕሮግራም እንዴት ይለየው? ስለዚህ በየጤና ጣቢያው ዕድሜያቸውን ማይክሮስኮፕ ላይ ያሳለፉ ባለሙያዎቻችን ያረጋገጧቸው መስታወቶች ሀብት ናቸው። የበሽተኛው ስም ወጥቶ ፎቶ ይነሱ፣ ምልክት ይደረግባቸው፣ በወጉ ይቀመጡ። በእነሱ ያልተፈተነ ሶፍትዌር፣ ማንም ያምጣው ማን፣ ለእኛ በሽተኛ ውጤት አይጻፍበት።