ለሁለተኛው ቀን መልስ የለኝም

እናቴ መጽሔት ስለማታነብ አንድ ምሥጢሬን በዚህ ገጽ ባወጣው አልፈራም። ነገሩ የአሳማ ሥጋ ነገር ነው።

ለትምህርት ሴኡል የገባሁ ሰሞን አንድ ኮሪያዊ የክፍል ጓደኛዬ የታክሲ ነጂዎች ወደሚመገቡበት ቤት ወሰደኝ። በእንዲህ ያለው ቤት ምግቡ ፈጥኖ ይቀርባል፤ ዋጋውም የተማሪን ኪስ አያሳፍርም። በመጀመሪያ ነጭ ሾርባ መጣ። ቀጥሎ ሳህኑን የሞላ ጥብስ ቀረበ፤ በላዩ ቡናማ ስጎ ፈስሶበታል፤ በጎኑ ሩዝና እንደ ክር የተከተፈ ጥቅል ጎመን አለ። ሥጋው ተቀጥቅጦ ከሳሳ በኋላ ዱቄት፣ እንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ በዘይት የተጠበሰ ነው። እኔም የአዲስ አበባው ኮትሌት መስሎኝ ቢላዋና ሹካዬን አነሣሁ። ላዩ ይንኮሻኮሻል፤ ውስጡ ይለሰልሳል።

የቤቱ ባለቤት፣ እናቴን የሚያክሉ ሴት፣ አብሮ የቀረበውን ቃሪያ ስገምጥ ቢያዩ ሳቁና ሌላ ጨመሩልኝ። ከአገሬ ከወጣሁ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሳህኑ ባዶ ሲሆን የምግቡን ስም ጠየቅሁ።

«ዶንካስ» አለኝ ጓደኛዬ። «‹ካስ› ኮትሌት ማለት ነው፤ ቃሉም ምግቡም በጃፓን በኩል መጣልን። ጃፓኖች ወፍራሙን ቆራርጠው ያቀርባሉ፤ እኛ አቅጥነን፣ ስጎ አፍስሰን፣ ሳንቆርጥ እናቀርባለን።»

«‹ዶን›ስ?»

«አሳማ።»

እጄ ሹካው ላይ ደርቆ ቀረ። ጓደኛዬም ፊቴን አይቶ ደነገጠ፤ ነገር ግን ጥፋቱ አስቀድሜ ያልጠየቅሁት የእኔ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ለመጀመሪያው ቀን «አላወቅሁም ነበር» የሚል መልስ አለኝ። ለሁለተኛው ቀን ግን መልስ የለኝም፤ በሳምንቱ ማንም ሳይጠራኝ በእግሬ ሄጃለሁና። «የሰው አገር አስገደደኝ» እንዳልል፣ አብሮኝ የሚማር አንድ የአገሬ ልጅ እዚያው ቤት በዓሣ የተሠራውን አዝዞ፣ ጠግቦ ይነሣል፤ የሚቀየመውም የለም። እኔ የበላሁት ስለጣፈጠኝ ብቻ ነው።

እናቴ በስልክ «ልጄ፣ እዚያ አገር ምን ትበላለህ?» ስትለኝ፣ «ሩዝ አለ፣ ጎመን አለ፣ ቃሪያም አይጠፋም» እላታለሁ። ውሸት አልተናገርሁም፤ ሁሉም ከሳህኑ ላይ አሉ። ሳህኑን የሞላውን ግን አገሬ ስገባ ፊት ለፊት እነግራታለሁ። እስከዚያው ይህን ገጽ የሚያነብላት ጎረቤት እንዳይገኝ ጸሎቴ ነው።