በላብራቶሪ የበቀለ ቆዳ ለሶሪያሲስ ታካሚ ምን ያደርግለታል?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። «ዶክተር፣ ውጭ አገር ቆዳ በላብራቶሪ ማብቀል ተችሏል አሉ፤ ሶሪያሲስ ያለበት ሰው የታመመው ቆዳ ተነስቶ አዲስ ሊለጠፍለት ነው?» የሚል። አንዲት እናት ደግሞ «እሱ እስኪመጣ» ብላ የልጇን ቅባት ማቆሟን ጻፈችልኝ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። አጭሩ መልስ፦ አይለጠፍም። ቅባቱንም አታቁሙ።

ቆዳችን ሁልጊዜ ራሱን ያድሳል። ከታችኛው ሽፋን የተወለደ ሴል ወደ ላይ ወጥቶ እስኪረግፍ ድረስ በጤነኛ ሰው አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። ሶሪያሲስ በወጣበት ቦታ ላይ ግን ይህ ጉዞ በጥቂት ቀናት ያልቃል። ሴሎቹ ሳይበስሉ ላይ በላይ ይደራረባሉ፤ ያ ብርማ ቅርፊት የሚመጣው ከዚህ ነው። የሚያቻኩላቸው ጀርም አይደለም፣ የራሳችን የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ነው። ስለዚህ በመጨባበጥ፣ በፎጣ፣ አብሮ በመተኛት፣ ከአንድ ሰሃን በመብላት አይተላለፍም።

ይህን ደጋግሜ የምናገረው ምክንያት አለኝ። በእኛ ምሥራቅ ቢሲዲሞን የማያውቅ ሰው ስለሌለ፣ ቆዳ ላይ ነገር ሲወጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ሥጋ ደዌ ነው። (ሥጋ ደዌም ቢሆን በመድኃኒት ፈጽሞ የሚድን በሽታ ነው፣ ግን እሱን ሌላ ቀን።) አንድ የ14 ዓመት ልጅ በድሬ የግንቦት ሙቀት ሹራብ ለብሶ መጣልኝ። ክርኑና ክንዱ እንዳይታይ ነው። ቤት ውስጥ የራሱ ኩባያ፣ የራሱ ፍራሽ ተለይቶለታል። እናቱ «ዶክተርዬ፣ ጠልቼው እኮ አይደለም፣ ለታናናሾቹ ፈርቼ ነው» አለችኝ። ክፋት የለባትም፤ የነገራት ሰው አልነበረም። ከዚያ በፊት ለወራት የጭርት ቅባት ሲቀባ ነበር።

ለምን ጭርት ተባለ? የሕክምና መጻሕፍት ስለ ሶሪያሲስ ሲጽፉ «ቀይ» ይላሉ። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ወይን ጠጅ፣ ጥቁር ቡናማ ወይም አመድማ ሆኖ ነው የሚታየው። ቀይ የሚፈልግ ዓይን ያልፈዋል። ክርን፣ ጉልበት፣ የራስ ቅል፣ ወገብ አካባቢ ወፈር ያለና ዳሩ የተለየ ቅርፊት ካለ፣ ጥፍር ላይ ደግሞ በመርፌ ጫፍ የተወጋጋ የሚመስል ነጠብጣብ ካያችሁ ሶሪያሲስ ሊሆን ስለሚችል አሳዩት።

አሁን ወደ ላብራቶሪው። ወሬው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። በ1975 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጄምስ ራይንዋልድና ሃዋርድ ግሪን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከሰው ቆዳ የተወሰዱ ሴሎችን በሳህን ላይ ማራባት የሚቻልበትን መንገድ አሳተሙ። በ1980ዎቹ ሰፊ የእሳት ቃጠሎ የደረሰባቸው ሰዎች ከራሳቸው ጤነኛ ቆዳ ተወስዶ በበቀለ ቆዳ ታክመዋል። ለቃጠሎ በእርግጥ ይለጠፋል። ለሶሪያሲስ ግን ትርጉም የለውም፤ ችግሩን የሚቀሰቅሰው መከላከያ ሥርዓት እዚያው ሰውነት ውስጥ ስላለ፣ አዲስ የተለጠፈውንም ሊያሳምመው ይችላል። እንዲያውም በዚህ በሽታ ቆዳ ሲቆረጥ ወይም ሲፋቅ በቁስሉ ላይ አዲስ ሶሪያሲስ ሊወጣ ይችላል። ቅርፊቱን በድንጋይ የምትፈትጉ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉት።

ታዲያ በላብራቶሪ የሚያበቅሉት ለምንድን ነው? ለመፈተኛ። መድኃኒት ሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት ለረጅም ዘመን አይጥ ላይ ነው የሚሞከረው። አይጥ ደግሞ በተፈጥሮዋ ሶሪያሲስ አይይዛትም፣ ቆዳዋም ስስና ፀጉራም ነው። ተመራማሪዎች በኬሚካል ቆዳዋን አስቆጥተው የሚመሳሰል ነገር ያመጣሉ እንጂ ያ የሰው ሶሪያሲስ አይደለም።

አሠራሩን ሳነበው እኔን ራሴን አስደንቆኛል። በቀዶ ሕክምና ተወግዶ ሊጣል የነበረ ቆዳ በፈቃድ ይወሰዳል፤ ብዙ ጊዜ ከሕፃናት ግርዛት የሚገኘው ነው። አዎ፣ በትክክል አነበባችሁ። ሴሎቹ ይለያያሉ፣ ይራባሉ፣ ከዚያ ቀዳዳ ባለው ስስ ወንፊት ላይ ይደረደራሉ። ቁልፉ እዚህ ላይ ነው፦ ከሥር ምግብ ያለበት ፈሳሽ ይነካቸዋል፣ ከላይ ደግሞ አየር ይመታቸዋል። አየር ሲነካቸው የሰውነት ውጫዊ ክፍል ላይ ያሉ መስሏቸው እንደ እውነተኛ ቆዳ ሽፋን በሽፋን ይደራረባሉ፤ በሁለት ሳምንት ገደማ የላይኛው ደረቅ ሽፋን ሳይቀር ይሠራል። ከዚያ በሶሪያሲስ ታካሚ ቆዳ ውስጥ የሚበዙትን ኢንተርሉኪን 17፣ ኢንተርሉኪን 22 እና ቲኤንኤፍ የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ሲጨምሩበት፣ ያ ጤነኛ ቆዳ የሶሪያሲስ ባሕርይ ያወጣል። አዲሱን ቅባት የሚቀቡት እሱ ላይ ነው። ካቆሰለ የሚቆስለው በሳህን ላይ ያለ ቁራጭ እንጂ የእናንተ ልጅ አይደለም።

ይህ ማለት ግን «በላብራቶሪ ሠራ» የተባለ ሁሉ ነገ መድኃኒት ቤት ይገባል ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ሞዴሎች የደም ሥር የላቸውም፣ ነርቭ የላቸውም፣ የመከላከያ ሴሎችም በሙከራ ካልተጨመሩ በስተቀር የሉባቸውም። ዕድሜያቸው የሳምንታት ነው። ስለዚህ ቀጥሎ ሰው ላይ የሚደረግ ጥናት የግድ ነው፣ እሱም ዓመታት ይፈጃል። እኔ በግሌ በጣም የምጓጓው ከጥቁር ሰው የተገኙ ቀለም ሰጪ ሴሎች ለተጨመሩባቸው ሞዴሎች ነው። ሶሪያሲሱ ከጠፋ በኋላ ለወራት የሚቀረው ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ምልክት ታካሚዎቼን ከቅርፊቱ ባላነሰ ያሳስባቸዋል፤ በነጭ ቆዳ ላይ ብቻ የተፈተነ ቅባት ስለዚያ ብዙ አይነግረንም።

እስከዚያው በእጃችን ያለው ቀላል አይደለም። በሐኪም የታዘዘ የስቴሮይድ ቅባት፣ የቫይታሚን ዲ ዓይነት ቅባት፣ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ በየቀኑ ቫዝሊን። በሽታው ሰፊ ለሆነባቸው የብርሃን ሕክምና ወይም ሜቶትሬክሴት። ሜቶትሬክሴት ለሶሪያሲስ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ በየቀኑ መውሰድ ሰው ይገድላል። እርጉዝ ሴትም ሆነች ለማርገዝ ያሰበች ፈጽሞ አትወስድም። ኢንተርሉኪን 17ን የሚያግዱ እንደ ሴኩኪኑማብ ያሉ መርፌዎችም በዓለም ላይ አሉ፣ ዋጋቸው ግን ለአብዛኞቻችን የሚደፈር አይደለም።

ከካፊራ የሚገዙ ስም የለሽ ማቅያ ቅባቶች ግን ያስፈሩኛል። ብዙዎቹ ውስጥ ክሎቤታሶል የሚባል ብርቱ ስቴሮይድ አለ። መጀመሪያ ተአምር ይመስላል፣ እየቆየ ቆዳውን ያሳሳል፤ ሰፊ ቦታ ተቀብቶ በድንገት ሲቆም ደግሞ በሽታው ብሶ ይመለሳል። በስቴሮይድ ክኒንና መርፌም እንዲሁ ነው፤ መላ ሰውነት ቆስሎ ሆስፒታል እስከመተኛት ሊያደርስ ይችላል። ስትወስዱት የቆያችሁት ካለ በራሳችሁ አታቁሙት፣ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስላችሁ።

ድሬ ላይ ስለሆንን ወባን ሳልጠቅስ አላልፍም። ክሎሮኪን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ሶሪያሲስን ሊያባብስ ይችላል። ወባ ይገድላልና ሕክምናውን እንቢ አትበሉ፤ መድኃኒቱ ሲታዘዝላችሁ ግን «ሶሪያሲስ አለብኝ» ብላችሁ ለሐኪሙ ተናገሩ።

ልጆች ላይ ደግሞ የጉሮሮ ሕመም ከያዛቸው ከሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በኋላ ደረትና ጀርባ ላይ እንደ ውሃ ጠብታ የተበተኑ ትናንሽ ቅርፊታም ነጠብጣቦች በድንገት ከወጡ፣ አለርጂ ነው ብላችሁ ቤት አታስቀምጧቸው። ይህ አንዱ የሶሪያሲስ ዓይነት ነው። ስታመጧቸው የጉሮሮ ሕመሙ መቼ እንደጀመረና ምን መድኃኒት እንደወሰዱ ንገሩን።